በዝናብ የሚፈላ መኪና

«ያ ጥበቃው፣ ጋሽ ሀብቴ፣ አረፉ እኮ። ሰምተሻል?» አለችኝ አልማዝ በስልክ። ድሮ ቦንጋ ለጥቂት ወራት አብረን ሠርተናል፤ እሷ እዚያው አግብታ ወልዳ ቀረች፣ እኔ ከወጣሁ ብዙ ዘመን ሆነኝ። ወጉ ነፍስ ይማር ማለት ነበር። እኔ ግን «ጥበቃ አይደሉም! ሾፌር ናቸው!» ብዬ ጮህኩባት። አልማዝ ደነገጠች። «እኔ የማውቃቸው በር ሲከፍቱ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። እሷ ስትቀጠር እሳቸው ከመሪው ወርደው በር ላይ ተቀምጠው ነበር።

ከመሪ ወደ በር እንዴት እንደወረዱ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። እሱን ከማውራቴ በፊት ግን ሰውየውን ላስተዋውቃችሁ። ሰውየውን ሳያውቁ ነገሩን ቢሰሙት ተራ የቢሮ ወሬ ይመስላል።

ቦንጋ የደረስኩት መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ከደብረ ብርሃን የመጣሁ፣ በጤና ረዳትነት የተመረቅሁ፣ ጃንጥላ እንኳ ያልያዝኩ ልጅ ነበርኩ። የተቀጠርኩበት የክትባት ፕሮጀክት ዛሬ የለም። አንድ ግቢ፣ አራት ክፍል፣ አንድ ማቀዝቀዣና ዕድሜው ከእኔ የሚበልጥ አንድ ላንድሮቨር ነበረው። በመጀመሪያው ቀን ግቢው ውስጥ ያገኘሁት ጠብ ነው። አንድ አጭር፣ ሽበት የወረራቸው ሰውዬ በጣሪያው አሸንዳ ሥር በተቀመጠ በርሜል ፊት ቆመው የጽዳት ሠራተኛዋን ይከለክላሉ።

«ይሄ ለመኪናው ነው አልኩሽ! አንቺ ከቧንቧ ቅጂ!»

ሰው የቧንቧ፣ መኪና የሰማይ ውሃ የሚጠጣበት አገር መጣሁ ብዬ ሳቅሁ። ሰውዬው ዞር ብለው አዩኝ። «የሳቅሽው ስላላወቅሽ ነው» አሉኝ፤ ተቆጥተው ግን አልነበረም። እቤቴ ያለውን ማንቆርቆሪያ ውስጡን አይቼው አውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። ነጭ ቅርፊት ይዟል አልኳቸው። «እሱ ነው። የምንጭና የቧንቧ ውሃ ድንጋይ ይዞ ይመጣል። በማንቆርቆሪያው ላይ የሠራውን በራዲያተር ላይም ይሠራል። የዝናብ ውሃ ግን ባዶ እጁን ነው የሚመጣው።» ጋሽ ሀብቴን ያወቅኋቸው በዚህ ነው።

የተወለዱት ከቦንጋ ትንሽ ወጣ ብሎ ካለ መንደር ነው። በልጅነታቸው ቡና በጫነ መኪና ላይ ተንጠልጥለው ወጡና ድሬዳዋ ጋራዥ ገቡ። ከዚያ በአፋር በረሃ አድርገው አሰብ ድረስ ከባድ መኪና ሲነዱ ጎልማሱ። ጠጉራቸው ሲሸብት አገሬ ይሻለኛል ብለው ተመለሱ። አማርኛቸው ውስጥ ካፊኖኖ፣ ካፊኖኖአቸው ውስጥ የጣልያን የመኪና ዕቃ ስም ተሰባጥሮ ስለሚገባ፣ ሲናደዱ ሙሉ ለሙሉ የሚገባው ሰው በከተማው አልነበረም። አንድ ልማድ ነበራቸው። መኪናው በቆመ ቁጥር፣ እናት የታመመ ልጅ ግንባር እንደምትዳስስ፣ ግራ መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ ያሳርፋሉ። የሙቀት መለኪያው እየሠራ ለምን እንደሚነኩት ስጠይቃቸው «መለኪያ ያለፈውን ነው የሚነግርሽ» አሉኝ።

አብሬያቸው መጀመሪያ የወጣሁት ወደ ዋጫ ነው። የቦንጋ ዝናብ ምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። ከሰማይ ይወርዳል፣ ከዛፍ ይወርዳል፣ ከመሬትም የሚነሳ ይመስላል። አቀበቱን ጀምረን ብዙም ሳንሄድ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ተንቦለቦለ። ጋሽ ሀብቴ ዳር ይዘው ቆሙና ሞተሩን አጥፍተው ተቀመጡ። እኔ ከነብርዴ እየተንቀጠቀጥኩ፣ «ጋሽ ሀብቴ፣ እንዲህ እየዘነበ መኪና እንዴት ይፈላል?» አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። «ይሄን የጠየቀኝ ሰው የለም። ሁሉም የሚጠይቀኝ መቼ እንደርሳለን እያለ ነው።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ወዳጅ ሆንን። መልሱን የሰጡኝ በወሬ ብቻ አይደለም። ሞተሩ በረድ ሲል ኮፈኑን ከፍተው አሳዩኝ። እሳቱ ያለው ውስጥ ነው፤ ውሃው እሳቱን ተሸክሞ ፊት ለፊት ወዳለው ራዲያተር ያመጣዋል፤ ነፋስ በወንፊቱ ገብቶ ከውሃው ተቀብሎ ይወስደዋል። «ፀሐይ እዚህ ውስጥ ምንም ቦታ የላትም» አሉ። የራዲያተሩ ወንፊት ግን በጭቃ ተመርጎ ነበር። ከመንገዱ ዳር ጠንካራ የሣር አገዳ ቆርጠው አንዱን ለእኔ ሰጡኝና እያንዳንዷን ቀዳዳ ከውስጥ ወደ ውጭ መጠቅጠቅ ጀመርን። ከውጭ ወደ ውስጥ ብጀምር እጄን መቱኝ። «ጭቃው በመጣበት ይመለስ እንጂ፣ ወደ ቤት ታስገቢዋለሽ እንዴ?»

የራዲያተሩ ክዳን የሚከፈትበት ሕግም ነበራቸው። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ አሥር ጊዜ «አባታችን ሆይ» ሳይደገም ማንም አይነካውም፤ ሲነካም በእርጥብ ጨርቅ፣ ፊትን አዙሮ፣ ጥቂት በጥቂት ነው። ይህን የተማሩት በአሰብ መንገድ ላይ ነው። ክንዳቸው ላይ ከእጅ አንጓ እስከ ክርን የተኮማተረ ጠባሳ ነበራቸው። እኔ ቸኩዬ ስድስተኛው ላይ «አሜን» ስል፣ «አራት ይቀርሻል» ይሉኛል። ጸሎቱንም ከልባቸው ነበር የሚደግሙት፤ ለመቁጠሪያ ብቻ መስሎኝ ብስቅ ገሰጹኝ።

በነዚያ መጠበቂያ ሰዓቶች ነው የድሮ መኪኖችን ወሬ የሰማሁት። ድሬዳዋ ያስተማሯቸው መካኒክ በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ፤ እጃቸው የገባው የመጀመሪያ መኪና የእንጨት ጎማ ነበረው ይባላል። ያኔ ውሃ የሚገፋ ፓምፕ አልነበረም አሉኝ ጋሽ ሀብቴ። ታዲያ ውሃው እንዴት ይዞራል? ራሱ ነዋ! የሞቀው ይቀላል፣ ይወጣል፤ የበረደው ይከብዳል፣ ይወርዳል። አላመንኳቸውም። ዋጫ ሻይ ቤት ስንገባ አንድ ብርጭቆ የፈላ ውሃ አዘዙ፣ ውስጡ ቁንጥር ሻይ ቅጠል ጣሉና፣ ብርጭቆውን ከአንድ ጎኑ በእርጥብ ጨርቅ ያዙት። ቅጠሉ በሞቀው ጎን ሲወጣ፣ በቀዘቀዘው ጎን ሲወርድ አየሁ። ሻይ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ተነስቶ ከበበን። እሳቸው ብርጭቆውን እንደያዙ፣ «አያችሁ? ማንም አልነካውም» እያሉ ይኩራራሉ።

ሌላም ብዙ አለ። በበረሃ ነፋስ ከኋላ ሲመጣ መኪናው ከነፋሱ ጋር እኩል ስለሚሮጥ በራዲያተሩ ምንም አየር አያልፍም፤ የድሮ ሾፌሮች ቆመው አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዙረው ያስተነፍሱት ነበር። የኮፈኑን ጎንና ጎን ነቅለው ጥለው የሚነዱም ነበሩ። የመጠጥ ውሃ በሸራ ከረጢት ሞልተው መኪናው ጎን ላይ ያንጠለጥላሉ፤ ሸራው ላብ ላብ ሲለው ውስጡ ያለው ይቀዘቅዛል። ይህን ሁሉ ሲያወሩ ያላየውን አገር እንደሚናፍቅ ሰው ዓይናቸው ሩቅ ይሄዳል። እኔም መኪናው ባይፈላ ቅር ይለኝ ጀመር።

ቅዱስ ሰው ነበሩ እያልኩ አይደለም። አንድ ታሪክ አሥር ጊዜ ይደግማሉ። ሌላ ሾፌር ፈጽሞ አያመሰግኑም። ተሳስቼ ነበር የሚል ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም ነበር። አንድ ቀን አስተባባሪያችንን አቶ ደምሴን ይዘን ወደ ጎጀብ ወረድን። ጎጀብ ቆላ ነው፤ ቦንጋ ኮት ለብሶ የወጣ ሰው እዚያ ሲደርስ ይጸጸታል። መለኪያው ከፍ ሲል ጋሽ ሀብቴ የመኪናውን የውስጥ ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፈቱት። የሞተሩ ትኩሳት በእግራችን በኩል ወደ እኛ ገባ። አቶ ደምሴ ከነክራቫታቸው በላብ ተጠመቁ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አሉ።

«ከሞተሩ ላይ ሙቀት እየቀነስኩ ነው ጌታዬ። መውጫ ሲያገኝ ይበርዳል።»

«ታዲያ መውጫው እኔ ነኝ?»

ጋሽ ሀብቴ ጥቂት አሰቡ። «ለጊዜው አዎ» አሉ።

እኔ ከኋላ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። መኪናው ሳይፈላ ደረስን፤ አቶ ደምሴ ግን ያንን ላብ አልረሱትም።

አሁን ከመሪ ወደ በር ወዳወረዳቸው ባነር ልምጣ። በዚያ ዓመት ደካ ከሚባለው ስፍራ ወዲያ ባሉ ቀበሌዎች ኩፍኝ ገባ። ሕፃናት መሞታቸው ተሰማ። ፕሮጀክቱ ዘመቻ አወጀ፤ ዘመቻ ከተባለ ደግሞ ባነር አለ። ነጭ አቡጀዲ ላይ በቀይ ቀለም «ሁሉም ሕፃን ይከተብ!» ተብሎ ተጽፎ መጣ። አቶ ደምሴ ባነሩን ጠረጴዛ ላይ ጥለው «መኪናው ላይ ፊት ለፊት ይታሰር፣ ሕዝቡ እንዲያየው» አሉና ወጡ። ፊት ለፊት ከማለት ሌላ ምንም አላሉም። እኔ አንስቼው ግቢ ወጥቼ ባየው ለሽቦ የሚመች ፍርግርግ ያለው የመኪናው አፍንጫ ላይ ነው። ሁለት ጊዜ አጥፌ፣ በሽቦ ጠፍሬ፣ አንድ ሰዓት ያህል ለፍቼ አሳምሬ አሰርኩት። ኮራሁበትም።

ጋሽ ሀብቴ ጀሪካን የዝናብ ውሃ ይዘው መጡና አዩት። ቆሙ። «ልጄ፣ የመኪና አፍንጫ አይሸፈንም» አሉኝ።

ስንት ወር ሙሉ ነፋስ በዚያ እንደሚገባ እየሰማሁ፣ ጭቃውን በሣር አገዳ ስጠቀጥቅ የኖርኩ እኔ ነኝ። ባነሩን ሳስር ግን ባነር እንጂ ራዲያተር አልታየኝም። ሲነግሩኝ ወዲያው ገባኝ። ግን ያንን ሁሉ ሽቦ መፍታት፣ በእሳቸው ፊት ማፈር! «አቶ ደምሴ ልክ እዚህ ላይ እሰሪ ብለውኛል። ትእዛዝ ነው» አልኳቸው። በሕይወቴ ትልቁ ውሸቴ ይህ አይደለም፤ እንደዚህ የከበደኝ ግን የለም። እሳቸው አመኑኝ። ከጎጀቡ ነገር በኋላ ከአስተባባሪው ጋር ሌላ ክርክር አልፈለጉም። «እንግዲህ ቀስ እያልን» አሉና መሪያቸውን ጨበጡ።

የክትባቱ ሳጥን ጉልበቴ ላይ ነበር። በውስጡ ያለው በረዶ ሳያልቅ ካልደረስን መድኃኒቱ ውሃ ነው። ዝናቡ ይወርዳል፤ እኛ በአንደኛ ማርሽ እንወጣለን። የመጀመሪያው አቀበት ላይ ፈላ። ጠበቅን፣ ጸለይን፣ ውሃ ጨመርን። ሁለተኛው ላይ ፈላ። ሦስተኛው ላይ ሲፈላ የተለየ ድምፅ ሰማሁ፤ ጋሽ ሀብቴም ሰምተው ፊታቸው ተለወጠ። «ጓርኒሲዮኑን ነካው» አሉ። የሞተሩና የክዳኑ መጋጠሚያ ማለታቸው ነው። ሳጥኑን ከፈት አድርጌ አየሁ። በረዶው ዳር ዳሩን ቀልጦ ይንሳፈፋል።

ፒንሳቸውን ይዘው ወረዱ። «ጋሽ ሀብቴ፣ ይጠይቁናል!» አልኩ።

«ይጠይቁኝ።»

ያሰርኩትን ሽቦ አንድ በአንድ ቆረጡት። ባነሩን አጥፈው ከኋላ ወንበር ላይ አኖሩት። ከዚያ በኋላ መኪናው አየር አገኘ፤ እያነከሰም ቢሆን ደካን አልፈን የታሰበልን ቀበሌ ገባን። በረዶው የጣት ውፍረት ያህል ቀርቶት ነበር።

እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው ዝናብ ላይ ተሰልፈዋል። መጠለያ የለም። ጋሽ ሀብቴ ከመንደሩ ጎረምሶች ጋር በካፊኖኖ ተነጋገሩ፤ አራት እንጨት መጣ፤ ባነሩ ተወጠረ። እኔ ስወጋ፣ እናቶቹ በቀይ ፊደሎቹ ሥር ተጠልለው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ቀለሙ እየቀለጠ የአንዳንዱ ልጅ ግንባር ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ሥራው እስኪያልቅ አንድም እናት ተራዋን ጥላ አልሄደችም። በዚያ ያለፈ አንድ የወረዳ ሰው ግን መፈክሩ ድንኳን ሆኖ አየ፤ ወሬው ቦንጋ ከእኛ ቀድሞ ገባ።

በዚያ ዘመን ሥራ ሲያልቅ ግምገማ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ተነስቶ በራሱ ላይ ሂስ ያደርጋል፤ የጎደለውን ሌላው ይሞላለታል። አቶ ደምሴ ይመሩ ነበር። እኔ ጽሕፈቴ ያምራል ተብዬ ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆኛለሁ። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ አንድ ወር ቀርቶታል። በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ ያለ ምንም ጣጣ ይሰናበታል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል፣ እኔም ለአንዲት ደቂቃ አልዘነጋሁትም።

ክሱ ሁለት ነበር። የዘመቻውን ባነር ማዋረድና የመንግሥት ንብረት ማበላሸት።

«እኔ ፊት ለፊት ይታሰር አልኩ እንጂ ራዲያተሩ ላይ አላልኩም» አሉ አቶ ደምሴ። «እዚያ ላይ ማን አሰረው?»

ጋሽ ሀብቴ ይህን ሲሰሙ ወደ እኔ ዞሩ። ውሸቴን ያወቁት በዚያች ቅጽበት ነው። እኔ ወረቀቴ ላይ አቀረቀርኩ።

«ስመጣ ታስሮ አገኘሁት» አሉ። «አይቼው የነዳሁት እኔ ነኝ። የፈታሁትም እኔ ነኝ። ሾፌር የሚጠየቀው በነዳው ነው።»

«ሂስህን ትውጣለህ?»

«የመጀመሪያው አቀበት ሥር መፍታት ነበረብኝ። ሦስተኛው ድረስ የጠበቅሁት ተሳስቼ ነው።»

ተሳስቼ ሲሉ የሰማኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ውሳኔው ብዙ አልፈጀም። ከሾፌርነት ተነስተው ጡረታ እስኪወጡ በጥበቃ እንዲሠሩ ተባለ። እኔ ይህን በዚያ በሚያምር ጽሕፈቴ፣ ቃል ሳልስት ጻፍኩ። መጨረሻው ላይ፣ ከውሳኔው በታችና ከፊርማው ቦታ በላይ፣ ቃላቱን አጥብቤ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «ባነሩን በራዲያተሩ ላይ ያሰረችው፣ ትእዛዝ ነው ብላም ሾፌሩን ያሳመነችው ቃለ ጉባኤ ያዧ ሰብለ ናት።»

እንዲያነቡት ፈልጌ ነበር? እንዳያነቡትስ? እስከ ዛሬ ለራሴ መልሼ አልጨረስኩም። ወረቀቱ መዞር ጀመረ። አቶ ደምሴ ሳያነቡ ፈረሙ። ሒሳብ ሹሟ ሳታነብ ፈረመች። ሌሎቹም እስክሪብቶ እየተቀባበሉ፣ አንዱ ከአንዱ ፊርማ ሥር እያወረዱ አሳለፉት። በልቤ፣ በቃ፣ እውነቱ ተጽፏል፣ ሁሉም ፈርመውበታል፣ እኔም ተርፌአለሁ አልኩ። እንደዚያ ቀላል መስሎኝ ነበር።

መጨረሻ ላይ ወረቀቱ ጋሽ ሀብቴ ዘንድ ደረሰ። እሳቸው ትምህርት የገቡት በጎልማሳነታቸው፣ በማታው ነው። የሚያነቡት በጣታቸው እየተከተሉ፣ ፊደል ሳይዘሉ ነው። ሰው ሁሉ ተነስቶ ሊወጣ እየተንጠራራ፣ እሳቸው ከርዕሱ ጀመሩ። ጣታቸው መስመር በመስመር ወረደች። ክሱን አነበቡ፣ ውሳኔውን አነበቡ። የእኔ መስመር ላይ ስትደርስ ቆመች።

ወረቀቱን ይዘው ወደ ጠረጴዛዬ መጡ፤ ጎንበስ ብለው ማንም በማይሰማው ድምፅ፣

«ልጄ፣ ይሄ በስብሰባው ላይ አልተባለም» አሉኝ። «ያልተባለ ደግሞ ቃለ ጉባኤ ላይ አይጻፍም። ወይ አሁን ተነስተሽ ተናገሪው፤ ወይ ሰርዢው።»

ቀና ብዬ ክፍሉን አየሁ። አስራ አንድ ሰው ነበር። አቶ ደምሴ ወረቀታቸውን እየሰበሰቡ «ጨርሰናል አይደል?» አሉ። ጋሽ ሀብቴ አልቸኮሉም። ምናልባት ሁለት ደቂቃ ጠበቁኝ።

ሰረዝኩት።

እሳቸውም ወረቀቱን ሳቡና፣ ከተሰረዘው መስመርና ከሌሎቹ ፊርማ ሥር በዝግታ ስማቸውን ጽፈው ፈረሙ፤ ከዚያ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ወረቀቱ ላይ አስቀመጡት።